ከብሩ በፊት መንገዱን ስጡን

ከአዲስ አበባ በሞጆ፣ በሻሸመኔና በሶዶ በኩል እስከ አርባ ምንጭ ለምትመላለሱ ሾፌሮችና ረዳቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ፒያሳ ከምሠራበት ቢሮ ሆኜ ነው። መስኮቴ ወደ ቸርችል ጎዳና ያያል፤ ወደ ለገሃር የሚወርደውንና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣውን መኪና ስመለከት እውላለሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ከሒሳብ ሠራተኛነቴ በፊት ግን የሾፌር ልጅ ነኝ። አባቴ ጭነታችን በአሰብ ይገባ በነበረበት ዘመን ኤንትሬ ፊያት ይዞ በዚያ በረሃ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ሌሊት ወደ ቤት ሲመጣ የናፍጣው ሽታ ከእርሱ ቀድሞ ይገባ ነበር። እናቴ እግሩን በሞቀ ውኃ ስታጥበው ቀኝ እግሩ ሁልጊዜ ከግራው አብጦ አየው ነበር፤ ነዳጅና ፍሬን የሚረግጥበት እግሩ ነው። ጭነቱ ሲዘገይ ከባለንብረቱ የሚመጣውን ቁጣ፣ ኬላ ላይ ተገትሮ የሚነጋውን ሌሊት፣ ጋቢና ውስጥ ተጣጥፎ የሚተኛውን እንቅልፍ በቤታችን አውቀዋለሁ። ስለዚህ የምጽፍላችሁ እንደ ቤተሰብ ነው፤ ልለምናችሁ ነው።

በብስክሌት የሚጓዝ የ24 ሰዎች ቡድን አባል ነኝ። ከመካከላችን የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ ሁለት መምህራን አሉ፣ አንድ ጎሚስታ አለ፣ በለገሃር ባቡር ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ የ64 ዓመት አባት አሉ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ዓምና ከመስቀል አደባባይ ተነሥተን በስድስተኛው ቀን አርባ ምንጭ ገባን። ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። ዘንድሮም ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲያልቅ እንነሣለን። በጉዞው የምናሰባስበው ገንዘብ በልብ ሕመም ለሚሰቃዩ ሕፃናት ቀዶ ሕክምናና መድኃኒት የሚውል ነው።

ጉዞው የተጠነሰሰው እዚሁ መስኮቴ ሥር፣ በቸርችል ዳገት ላይ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ለልምምድ ከለገሃር ወደ ላይ እየወጣሁ ነበር። ዋናውን ፖስታ ቤት አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ትንፋሽ አጠረኝና ወረድኩ። አጠገቤ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ቆማለች። የታዘለችው ልጅ እግሮች ከእናቷ ጉልበት በታች ይንጠለጠላሉ። ሕፃን አልነበረችም፤ የ11 ዓመት ልጅ ናት። እኔ ዳገቱን ስለወጣሁ አለከልካለሁ፤ ልጅቷም እንደኔ ታለከልካለች፤ እርሷ ግን አንድ እርምጃ እንኳ አልሄደችም፣ በእናቷ ጀርባ ላይ ናት።

«እህቴ፣ ምን ሆናብሽ ነው?» አልኳት።

«ልቧን ነው። አሥር እርምጃ ከሄደች ትቆማለች። ቀጠሯችን እንዳያልፍ ብዬ ነው ያዘልኳት።»

ከሐላባ ቁሊቶ የመጡ ናቸው። መጀመሪያ ጉሮሮዋን ነበር ያመማት። ብርድ ነው ተባለ፣ ለቀቃት። ተመልሶ ያዛት፣ ደግሞ ለቀቃት። ከዚያ ጉልበቷና ቁርጭምጭሚቷ አበጠ። እርሱም አለፈና ከጊዜ በኋላ ከጓደኞቿ ጋር መሮጥ አቃታት፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት መሄድ አቃታት። ልጅቷን ብስክሌቴ ኮርቻ ላይ አስቀመጥናት፤ እናቷ ከአንድ ወገን እኔ ከሌላው ወገን እየደገፍን እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በር ገፋናት። በሁለት እጇ መሪውን ጭብጥ አድርጋ ይዛ ነበር። ብስክሌት ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ እንደሆነ የነገረችኝ በሩ ጋ ስንደርስ ነው።

በሽታው የሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው ሳይታከም ሲቀር ነው የሚነሣው። የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ሲዋጋ ተሳስቶ የራሱን ልብ ያጠቃል። ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው የልብ በሮች ይጠባሉ፣ ወይም ገጥመው መዘጋት ያቅታቸዋል፤ ደሙም ወደመጣበት ይመለሳል። ነገሩ በአብዛኛው የሚጀምረው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የሚያንገበግበኝ መከላከያው ፔኒሲሊን መሆኑ ነው፤ ጤና ጣቢያ የሚገኝ፣ ስሙን ሁላችንም የምናውቀው መድኃኒት። ጉሮሮው በጊዜው ከታከመ ልብ አይነካም። ከተነካም በኋላ በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው መርፌ እንዳይብስ ይይዘዋል። ያ ሁሉ ካለፈ ግን የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው። በሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተተካለት ሰው ደግሞ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜውን ሙሉ እየዋጠ፣ በየጊዜው ደሙን እየተመረመረ ይኖራል።

በብስክሌት የምንሄደውም ለዚሁ ነው። ገንዘብ ብቻ ቢሆን እዚሁ አዲስ አበባ ሆነን እናሰባስበው ነበር። ነገር ግን በመኪና የሚሄድ ሰው መቂ ገብቶ እስኪወርድ ድረስ የትኛውም ትምህርት ቤት በር ላይ አይቆምም። እኛ እንቆማለን። ውኃ ስንቀዳ፣ ጎማ ስናስጠግን፣ ጥላ ሥር ስናርፍ ልጆች ይከቡናል። ነርሷ አንዱን ልጅ አፉን አስከፍታ በእጅ ባትሪ ጉሮሮውን እያሳየች «እዚህ ጋ ሲያማችሁና ሲያተኩሳችሁ ለእናታችሁ ንገሩ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱን በሏት» ትላቸዋለች። ብስክሌቶቹን ሊያዩ የመጡ ልጆች እርስ በርሳቸው አፍ እያስከፈቱ ሲተያዩ ትተናቸው እንሄዳለን። ከጉዞው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ዓምና በመንገድ ላይ ያየነውን የእናንተን ደግነት ሳልናገር ብቀር በደል ይሆንብኛል። ዱከም ላይ አንድ የተሳቢ ሾፌር የያዘውን ሙሉ ካርቶን ውኃ አውርዶልናል። ዝዋይ መግቢያ ላይ የሚኒባስ ረዳቶች ከተሳፋሪ ሳንቲም ሰብስበው በፌስታል ሰጡን። ሻሸመኔ ላይ «እነዚህማ ለልጆች ልብ የሚሄዱት ናቸው» ብሎ የምሳችንን ሒሳብ የከፈለልን ሾፌር ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ወሬያችን ከእኛ ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ ያደረሳችሁት እናንተ ናችሁ። ካሰባሰብነው ገንዘብ ውስጥ የሾፌርና የረዳት እጅ ያልነካው ጥቂት ነው።

ከእነዚህ ደጋጎች አንዱን ሞጆ ሻይ ቤት አገኘነው። ሽንኩርት ሊጭን ባዶውን ወደ መቂ የሚወርድ የአይሱዙ ሾፌር ነበር፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው። ከጋቢናው ወርዶ 200 ብር ሰጠን። ከዚያ ነርሷን ገለል አድርጎ «የኔም ልጅ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማታል፤ ጤና ጣቢያ ልውሰዳት?» ብሎ ጠየቃት። «ዛሬ ነገ ሳትል ውሰዳት» አለችው። «እሺ፣ ከዚህ ጭነት ስመለስ» አለ። ተሰነባበትን።

ቆቃን አልፈን ወደ መቂ ስንቃረብ ቀኑ ገፍቶ ነበር። መንገዱ እዚያ ጋ ቀጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ነፋሱ ከጎን ይመታል። 24 ሰዎች በአንድ ረድፍ ተከታትለን እንሄዳለን። ከኋላችን ባዶ አይሱዙ ሲፈጥን የሚያሰማው የመንቀጥቀጥ ድምፅ መጣ። ወዲያው ክላክስ ተነፋ። አውቆን ነው፤ ለሰላምታ ነበር የነፋው። ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ «በርቱ! በርቱ!» ሲል ሰማሁት። በዚያው ቅጽበት ከፊት ለፊት አውቶቡስ እየመጣ ነበር። ሾፌሩ ከረድፋችን እኩሌታውን አልፏል፤ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም፣ ወደፊትም አልደረሰም። ወደ ቀኝ ጠጋ አለ። ወደ እኛ ማለት ነው።

ትልቅ መኪና በቅርብ ሲያልፍ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ምን እንደሚሰማው ከጋቢና ሆኖ ማወቅ አይቻልም፤ አባቴም ያወቀው አይመስለኝም። መጀመሪያ አየሩ ይገፈትራችኋል። ላለመውደቅ ወደ መንገዱ ዘንበል ትላላችሁ። መኪናው አልፎ ጭራው ላይ ስትደርሱ ግን ያው አየር ተገልብጦ ወደ ውስጥ፣ ወደ ኋላ ጎማው ይስባችኋል፤ እናንተ ደግሞ አስቀድማችሁ ወደዚያው አዘንብላችኋል። ሁለቱም ነገር የሚሆነው በአንድ ትንፋሽ ውስጥ ነው። ከእኔ ሦስት ሰው ቀድመው የነበሩት ጋሼ ገና በመጀመሪያው ግፊት ሲንገዳገዱ ስፖኪዮው ትከሻቸውን መታቸው። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ በር በክርን እንደመግፋት ያለ። ብስክሌቱ አስፋልቱ ላይ ቀረ፤ እርሳቸው ጠጠሩ ላይ ወደቁ።

ሾፌሩ አልሸሸም። ወደ 100 ሜትር ርቆ አቆመና ወደ ኋላ እየሮጠ መጣ። አንድ እግሩ ጫማ አልነበረውም፤ ከጋቢናው ሲዘል ወልቆበት ይሆናል። «አባቴ! አባቴ! ምን አደረግኩዎት!» እያለ ጠጠሩ ላይ ተንበረከከ። ጋሼ ግን ሞጆ ያየነው ሰው መሆኑን ለይተውት «አይዞህ ልጄ፣ በሕይወት አለሁ» አሉት። ከአንገታቸውና ከትከሻቸው መካከል ያለው አጥንት ተሰብሮ ነበር። ነርሷ ክንዳቸውን በነጠላ ደረታቸው ላይ አሰረችላቸው፤ ሾፌሩ ጋቢናው ውስጥ አስገብቶ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው፣ የካርድ ከፈለላቸው፣ እስኪታዩ ድረስ ደጅ ቆመ። ከዚያ ጭነቱ ሲጠብቀው ሄደ። በድንጋጤው ስልኩን አልተቀበልነውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ያ ሰው ክፉ ቢሆን ኖሮ ተናድጄ በተገላገልኩ ነበር። የመታን ሰው ግን ብር የሰጠን ሰው ነው፤ የመታንም ሲያበረታታን ነው። የጎደለን ደግነት ሳይሆን ሦስት ክንድ አስፋልት ነበር።

ሒሳብ እንጀራዬ ነውና ማታ ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። አንድ ብስክሌተኛ ከፊቱ ካለው ጋር የሚተወውን ክፍተት ጨምሮ 3 ሜትር ያህል ይይዛል። 24 ሰዎች በአንድ ረድፍ 72 ሜትር ነን። እኛ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ስንሄድ እናንተ በ80 ብትመጡ፣ ረድፉን ጀምራችሁ ጨርሳችሁ በሰላም ወደ ቀኛችሁ እስክትመለሱ 7 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በ7 ሰከንድ ውስጥ እናንተ ከ150 ሜትር በላይ ትሄዳላችሁ፤ ከፊት የሚመጣውም በዚያው ፍጥነት ከሆነ ያንኑ ያህል ይመጣል። ስለዚህ ከ300 ሜትር በላይ ባዶ መንገድ ከፊታችሁ ሊኖር ይገባ ነበር። ያ ሾፌር ያየው ግን 24 ሰዎች መሆናችንን አልነበረም፤ ከኋላ ሆኖ የሚያየው የመጨረሻውን ሰው ጀርባ ነው። ቶሎ አልፋቸዋለሁ ብሎ ገባ፣ ረድፉ አላልቅ አለው። ይህ ግማሹ የእኛ ጥፋት ነው። ረድፋችንን ያስረዘምነው እኛ ነን።

ዘንድሮ ስለዚህ በስድስት በስድስት ተከፍለን ነው የምንሄደው። በአንዱ ምድብና በሌላው መካከል ከ100 ሜትር የማያንስ ክፍተት እንተዋለን፤ ተሳቢ እንኳ ቢሆን አንዱን ምድብ አልፎ ወደ ቀኙ ተመልሶ፣ ፊቱን አይቶ፣ ቀጣዩን እንዲያልፍ። ስድስት ሰው ለማለፍ ለአንድ አይሱዙ 4 ሰከንድ ይበቃዋል። ሁላችንም የሚያንጸባርቅ ሰደርያ እንለብሳለን። ጀንበር ሳትጠልቅ ከመንገድ እንወጣለን፤ ጨለማ አንነዳም። በጠባብ ቦታ ከኋላችን መኪና ከተደረደረ ራሳችን ወጥተን ቆመን እናሳልፋችኋለን፤ ይህን እናንተ ሳትጠይቁን የገባነው ቃል ነው። ከሁሉም ኋላ ድርብ ፍሬቻ እያበራ የሚከተለን መኪና አለ። ቀስ ብሎ ሲሄድ ብታገኙት ተበላሽቶ አይደለም፤ ከፊቱ ሰው አለ።

ከእናንተ የምንለምነው ደግሞ ይህን ነው።

ስታልፉን ሦስት ክንድ ተዉልን። አንድ ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። መለኪያ አያስፈልገውም፤ ረዳታችሁ በመስኮት እጁን ሙሉ በሙሉ ቢዘረጋና በዚያ ላይ ያንኑ ያህል ቢጨመርበት እንኳ የማይነካን መሆን አለበት። ይህ ከኪሳችን ያወጣነው ልክ አይደለም። ስፔን ውስጥ 1.5 ሜትር መተው ሕግ ነው፤ ጀርመንም እ.ኤ.አ. በ2020 ሕጓን ስታሻሽል በከተማ ውስጥ 1.5፣ ከከተማ ውጪ 2 ሜትር ብላለች። እኛ እንዲህ ያለ ሕግ እስኪወጣ አንጠብቅም፤ ሦስቱን ክንድ ዛሬውኑ መስጠት የሚችለው መሪውን የያዘው እጅ ነው።

ከፊት መኪና እየመጣ ከሆነ አትለፉን፤ ከኋላችን ትንሽ ቆዩ። እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። ከኋላችን ብትቆዩ የምታጡት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ አንድ ኬላ ላይ ከሚያልፍባችሁ ጋር አይወዳደርም። አባቴ የከብት መንጋ ወይም ልጅ መንገድ ዳር ሲያይ ፍሬን ከመርገጡ በፊት እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሣ ነበር። አጠገቡ ተቀምጬ ሞተሩ ሲረግብ እሰማው ነበር። «ምን አየህ?» እለው ነበር፤ ብዙ ጊዜ ምንም አልነበረም። እግሩ ግን ይነሣ ነበር። እኛን ስታዩ እንደዚያ አድርጉልን።

ክላክሳችሁን ከሩቅ አሰሙን፤ አጭር አድርጋችሁ፣ አንድ ጊዜ። ከሩቅ ሲነፋ መምጣታችሁን እናውቃለን፤ ጆሯችን ሥር ሲነፋ ግን እጃችን ይደነግጣል፣ መሪው ከእጃችን ጋር ይደነግጣል። ሰላምታችሁን እንፈልገዋለን። ካለፋችሁን በኋላ ንፉልን፤ ያን ጊዜ ሁላችንም እጅ እናነሣለን።

ብሩን ደግሞ እየነዳችሁ በመስኮት አትዘርጉልን። ዓምና ይህን ያደረጉ ብዙ ነበሩ። የተዘረጋ ብር ለመቀበል አንድ እጁን የለቀቀና ወደ ተሽከርካሪ የተጠጋ ብስክሌተኛ ምን ሊሆን እንደሚችል ከነገርኳችሁ በኋላ ማብራራት አያስፈልገኝም። ምሳና ሻይ የምንቆምባቸው ከተሞች የታወቁ ናቸው፤ እዚያ ብታገኙን ደስ ይለናል። ባታገኙንም ግድ የለም። እውነቴን ነው የምላችሁ፦ ከእናንተ ከመንገዱና ከብሩ አንዱን ምረጡ ብባል መንገዱን እመርጣለሁ። ብሩን ሌላም ሰው ሊሰጠን ይችላል፤ መንገዱን ከእናንተ በቀር የሚሰጠን የለም።

«ይህንን ለቢሮ አትጽፉም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ለቢሮ የሚጻፈውን ጽፈናል፣ ማኅተም ያለበት መልስም ይዘናል። ከአራት ኪሎ እስከ ቦሌ ድረስ ተለይቶ በተሠራልን የብስክሌት መንገድ ልጆቻችንን ይዘን እንነዳለን፤ ሲሠራ አይተን ደስ ብሎናል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለመኪና እየተዘጉ ለእግረኛና ለብስክሌት ይለቀቁ ጀመር፤ ብዙዎቻችንም ብስክሌት የለመድነው በእነዚያ እሑዶች ነው። ቃሊቲን ስናልፍ ግን ያ ሁሉ ከኋላችን ይቀራል። ወደ አዳማ የሚሄደው የፍጥነት መንገድ ለእኛ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። ስለዚህ በአሮጌው መንገድ፣ በገላን፣ በዱከምና በቢሾፍቱ፣ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከሚመላለሱት ተሳቢዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የምንሄደው። ከሞጆ ወዲያ የመንገዱ ትከሻ ባለበት በትከሻው እንሄዳለን፤ ብዙ ቦታ ግን ጠርዙ ተበልቷል፣ ከአስፋልቱ ወደ ጠጠሩ አንድ ስንዝር የሚሆን ዝቅታ አለ። «ለምን ዳር አይዙም?» ስትሉ እሰማለሁ። ቀጭን ጎማ ከዚያ ጠርዝ ከወረደ ተመልሶ አይወጣም፤ ይጥለናል፣ የሚጥለንም ወደ እናንተ ነው።

ሌላም የምንሰማው ነገር አለ። «መኪና መግዣ አጥታችሁ ነው? የፈረንጅ ጨዋታ ምን ያደርግላችኋል?» ይሉናል አንዳንዶች። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ በቆመችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን የሄዱት ሯጮች ብቻ አልነበሩም፤ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞችም አብረው ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህን የምለው ለክርክር አይደለም። ብስክሌት ላይ የምታዩት ሰው የሠፈራችሁ ሰው መሆኑን እንድታውቁ ነው።

ደግሞ ሦስቱ ክንድ ለእኛ ብቻ አይደለም። እኛ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለስድስት ቀን ነው የምናልፈው። መቂና ዝዋይ ላይ ቲማቲም ጭኖ የሚሄደው ባለ ጋሪ በየቀኑ እዚያ ነው። በአርሲ ነገሌ ማገዶ ተሸክማ ከዳር ዳር የምትሄደው እናት በየቀኑ እዚያ ናት። «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ የሚለምኑ ልጆች፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው በረድፍ የሚመለሱ ተማሪዎች፣ ሁሉም የሚሄዱት በዚያው በተበላው ጠርዝ ላይ ነው። በእኛ ጊዜ የለመደ እግር እኛ ካለፍን በኋላም ለእነርሱ ይነሣል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያቺ የ11 ዓመት ልጅ አሁን 14 ሆኗታል። ቀዶ ሕክምናው ደርሷታል፤ ደረቷ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ጠባሳ አለ፤ መድኃኒቷን በየቀኑ ትወስዳለች፤ ትምህርቷንም ቀጥላለች። ዓምና ሐላባ ቁሊቶ ስንደርስ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችን። ስታየን ሮጣ መጣች። ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ እኔ ግን ቆጠርኳቸው። ዘንድሮም በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ትቆማለች። በዚያ ሰዓት በቁሊቶ የምታልፉ ከሆነ መንገድ ዳር ቢጫ ሰደርያና የተማሪ ዩኒፎርም ተቀላቅሎ ስታዩ እግራችሁን አንሡልን።

ጋሼ አጥንታቸው ገጥሟል። ሐኪማቸው ፈቅዶላቸው ከሰኔ ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ከእኛ ጋር በቸርችል ዳገት ይወጣሉ። ዘንድሮ የመጨረሻው ምድብ መጨረሻ ላይ የምታዩአቸው እርሳቸውን ነው፤ ቦታውን ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። እጃቸውን ዘርግተው ወደ ታች ሲያርገበግቡ ካያችሁ «ቀስ በሉ፣ ከፊት ያልታያችሁ ነገር አለ» ማለታቸው ነው።

ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ ስነግራቸውም አንድ መልእክት አኑሪልኝ ብለውኛል፤ ለዚያ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ ወይም ያነበበ ጓደኛህ ከነገረህ፣ በመጀመሪያው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሞጆ ያው ሻይ ቤት እንቆማለን። ጋሼ አልተቀየሙህም። ሊጠይቁህ የሚፈልጉት ልጅህን ጤና ጣቢያ ወስደሃት እንደሆነ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የሾፌር ልጅ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ